ለፎቶና ለቀላል ቪዲዮ ቅንብር የሚሆን ላፕቶፕ አመራረጥ

የሠርግና የምርቃት ፎቶ በማንሳት የሚተዳደሩ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ያገለገለ ላፕቶፕ ይገዛሉ። በግዥው ወቅት ዓይን የሚስበው «ኮር አይ 7» የሚለው ተለጣፊ ቢሆንም፣ ይበልጥ ሊታይ የሚገባው የፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። ለአብነት ኮር አይ 7-4600ዩ የ4ኛው ትውልድ ሲሆን ያለው 2 ኮር ብቻ ነው፤ በስም ዝቅ ያለው ኮር አይ 5-8250ዩ ግን የ8ኛው ትውልድ በመሆኑ 4 ኮር አለው። በእነዚህ ሞዴሎች ትውልዱን የሚያመለክተው ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ አኃዝ ነው።

8 ጊጋባይት ራም ለፎቶ ሊበቃ ይችላል፤ ቪዲዮ ሲታከልበት 16 ጊጋባይት ይመረጣል። በአንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ በኋላ መጨመር አይቻልምና አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን።

ስክሪኑን ከጎንም ከላይም ይመልከቱት። አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር ቀለሙ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ በእርሱ ላይ የተስተካከለ የሙሽራ ቀሚስ ታትሞ ሲወጣ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችላል። አይፒኤስ የተሰኘው የስክሪን ዓይነት በዚህ ረገድ የተሻለ ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚሠራ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ከራሱ ካሜራ ያመጣውን ቪዲዮ እዚያው ሱቅ ውስጥ አቀናብሮ የባትሪውን አቅም ይፈትሽ።