የሚበላ ሁሉ አይተነፈስም

ወንድሜ ማጨስ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ቤት ውስጥ መጀመሪያ ያወቅኩት እኔ ነኝ፤ ጃኬቱን ተውሼ ለብሼ ኪሱ ውስጥ ሲጋራ አገኘሁ። ለእማዬ አልተናገርኩም። ታላቅ ነኝና መፍትሔ ላምጣ ብዬ፣ ዱባይ ለሚመላለስ ጓደኛዬ ነግሬ ቬፕ አስመጣሁለት። ጣዕሙ የቫኒላ ካስተርድ ነበር።

«ሲጋራውን ተውና ይሄን ሳብ» አልኩት። «ውስጡ ያለው ምግብ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፣ አይጎዳም።»

ከራሴ ያመጣሁት አልነበረም። የፈሳሹ ጠርሙስ ላይ ግብዓቶቹ ለምግብ የሚሆኑ ናቸው ተብሎ ተጽፏል፤ እሱን አንብቤ ነው። ምህንድስና ተምሬ ሶፍትዌር ነው የምጽፈው፤ የቀን ሥራዬ «ይሄ ነገር የት ተፈተሸ? በምን ሁኔታ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያን ቀን ግን አልጠየቅኩም።

ካንድ ዓመት በኋላ ወንድሜ ራሱ ጠየቀኝ። እሁድ ነው፣ ቡና ተፈልቷል፣ ፈንዲሻው መሀላችን ተቀምጧል። እማዬ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቆ «ብሮ፣ ፖፕኮርን ላንግ የሚሉት ነገር እውነት ነው እንዴ?» አለኝ።

«ወሬ ነው» አልኩት። ማታ ላይ ግን ላፕቶፔን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ወሬ አልነበረም። ሰው እንደሚያወራው ዓይነትም አልነበረም። ያነበብኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ቅቤ ቅቤ የሚሸት ክፍል

ጃስፐር አሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በግንቦት 2000 አንድ ሐኪም ለግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ሪፖርት አደረገ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ 8 ሰዎች ተመሳሳይ የሳንባ ሕመም ይዟቸዋል። ሕመሙ ብሮንኪዮላይቲስ ኦብሊተራንስ ይባላል፤ ሳንባ ውስጥ ያሉት በጣም ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች ቆስለው፣ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ቧንቧውን ይዘጋዋል። የተዘጋው መልሶ አይከፈትም። ከ8ቱ ሰዎች 4ቱ የሳንባ ንቅለ ተከላ ተራ እየጠበቁ ነበር።

ፋብሪካው የሚያመርተው የማይክሮዌቭ ፈንዲሻ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ትልቅ ጋን አለ፤ የአኩሪ አተር ዘይት ይሞቅበታል፣ ጨውና የቅቤ ጣዕም ይጨመርበታል። ደባላቂው ክዳኑን ከፍቶ ይጨምራል፣ እንፋሎቱ ፊቱ ላይ ይወጣል። ክፍሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ቅቤ የሚሸት ቤት ውስጥ ማን አደጋ አለ ብሎ ያስባል?

በኅዳር 2000 የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ባለሙያዎች መጥተው 117 ሠራተኞችን መረመሩ። የአየር ቧንቧ መዘጋት ከሚጠበቀው 3.3 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሲጋራ አጭሰው በማያውቁት ላይ ደግሞ 10.8 እጥፍ። ብዙ እንፋሎት የተነፈሰ ሰው የሳንባ አቅሙ ይበልጥ ወርዷል። ባለሙያዎቹ የቅቤ ጣዕሙን እንፋሎት አይጦች እንዲተነፍሱት አደረጉ፤ የአይጦቹ የአየር ቧንቧ ሽፋን ተጎዳ። ጥናቱ በ2002 ታተመ። በመጋቢት 2004 ጁሪ ለአንድ የፋብሪካው ሠራተኛና ለባለቤቱ 20 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ።

ዋናው ተጠርጣሪ ዳይአሴታይል የሚባል ኬሚካል ነበር። ስሙ ባዕድ ይመስላል እንጂ ሽታውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቅቤን ቅቤ ቅቤ ከሚያሰኘው መዓዛ ዋናው እሱ ነው። ወተት ሲረጋ ባክቴሪያዎች ይሠሩታል። ቢራ ሲብላላ ይፈጠራል፤ ቡና ሲቆላም ይወጣል። ሰው በቅቤ ውስጥ ለሺህ ዓመታት ሲበላው ኖሯል። ሳንባ ግን ሌላ ነው።

«ደህና ነው» ማለት ለማን?

እዚህ ጋ ነው የኔ ሙያ የገባው። «ለምግብ የሚሆን» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

አሜሪካ በ1958 የምግብ ተጨማሪዎችን ሕግ አወጣች። ሕጉ አዲስ ነገር ምግብ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይፈተሽ ይላል፤ ባለሙያዎች ግን «በጥቅሉ ደህና ነው» ብለው የተስማሙበት ነገር በዚያ ፈቃድ ማለፍ አያስፈልገውም። ቫኒሊን፣ የቀረፋ ጣዕም፣ የቅቤ ጣዕም፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎችም በዚህ በር አለፉ። ባለሙያዎቹ የጠየቁት ጥያቄ ትክክል ነበር። ሰው በቀን ምን ያህል ይበላል? ጨጓራ ምን ያደርገዋል? ጉበት ይሰባብረዋል ወይ? መልሱም ለዚያ ጥያቄ ትክክል ነበር።

ሳንባ ግን ጨጓራም ጉበትም የለውም። አየርና ደም የሚለያዩበት ግድግዳ ከወረቀት በጣም የሳሳ ነው፤ የተነፈስነው ነገር በጉበት ሳያልፍ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። ያንን ደግሞ ማንም አልጠየቀም፤ ምክንያቱም ቅቤ የሚተነፍስ ሰው አልነበረም።

ሶፍትዌር የሚጽፉ ሰዎች የአሪያን 5ን ታሪክ ያውቃሉ። ሰኔ 4 ቀን 1996 የአውሮፓ አዲስ ሮኬት ከተነሳ ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ ፈነዳ። የሮኬቱን አቅጣጫ የሚከታተለው ኮድ ከቀድሞው አሪያን 4 ላይ የተወሰደ ነበር፤ እዚያ ያለ ችግር ሠርቷል። አዲሱ ሮኬት ግን ወደ ጎን ያለው ፍጥነት ይበልጥ ነበርና፣ ቁጥሩ በ16 ቢት ቦታ ውስጥ አልገባ አለ። ኮዱ ተፈትሿል፣ ግን ለሌላ ሮኬት ነው የተፈተሸው። መጠባበቂያው ኮምፒውተርም ያው ኮድ ስለነበረው አብሮ ወደቀ።

የጃስፐር ነገር ከዚህ አይለይም። የጣዕሙ «ደህንነት» በአፍ ለሚገባ ነገር የተሰጠ ነው፤ የአየር ቧንቧ ሌላ ሮኬት ነው።

ምልክቱ ደግሞ ቀድሞ ታይቶ ነበር። በ1985 ኢንዲያና ግዛት ውስጥ የዳቦና ኬክ ጣዕም የሚደባለቅበት ድርጅት ውስጥ ሁለት ወጣት ሠራተኞች በዚሁ በሽታ ተይዘው ያው ተቋም መርምሮ ነበር። የትኛው ኬሚካል እንደሆነ ግን ሳይለይ ቀረ። ከዚያ እስከ ጃስፐር 15 ዓመት አለፈ።

ጣዕም ሲወጣ ምን አብሮ ይወጣል?

ወንድሜ የዚያን ጊዜ «እሺ የፋብሪካው ይቅር፣ የተፈጥሮ ጣዕም ቢሆንስ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ «ይሻላል» እለው ነበር። ሁለተኛው ስህተቴ ይሆን ነበር ማለት ነው።

ጣዕምን ከተክል ማውጣት የቆየ ጥበብ ነው። አንዱ መንገድ መዘፍዘፍ ነው፤ የቫኒላ ፍሬ ተቆርጦ አልኮል ውስጥ ይቆያል። አሜሪካ ውስጥ የቫኒላ ጭማቂ ለመባል ቢያንስ 35 ከመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል። ሌላው ማንጠር ነው፤ ካቲካላ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል፣ እንፋሎቱ ይነሳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጠብ ጠብ ይላል። የአዝሙድና የቀረፋ ዘይት እንዲህ ነው የሚገኘው። ግን ሁለቱም መንገዶች ለሳንባ የሚሆነውን መርጠው አያወጡም። አልኮሉ የሟሟለትን ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ ስኳሩንም፣ ሙጫውንም፣ ቅባቱንም። ቤታቸው ውስጥ ቡና ወይም ናና ግሊሰሪን ውስጥ ዘፍዝፈው የቬፕ ፈሳሽ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ንጹሕ ይመስላል፣ ተፈጥሮ ነው፤ ሲተነፈስ ግን ምን ምን አብሮ እንደገባ አይታወቅም።

ቅባት ሳንባ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አዲስ ዜና አይደለም። በ1925 ላፍለን የተባለ ሐኪም፣ በአፍንጫ የሚጨመር ዘይት ወደ ሳንባ ወርዶ የሳንባ ምች እንደሚያመጣ ጽፏል። ዘይቱ መርዝ አልነበረም፤ መድኃኒት ተብሎ የተሰጠ ነው። ቦታው ነው የተሳሳተው።

ከመደርደሪያው ወደ ጠርሙሱ

የዛሬው ቬፕ አባት የሚባለው ሆን ሊክ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። ራሱ አጫሽ ነበር፤ አባቱም በሳንባ ካንሰር ነው የሞተው። በ2003 የሠራው መሣሪያ ኒኮቲንን በፕሮፒሊን ግላይኮል አሟሙቶ ጉም ያደርገዋል። ሐሳቡ ቅን ነው። ገበያው ሲሰፋ ግን ጣዕም ተፈለገ፤ ጣዕም ደግሞ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው የምግብ መደርደሪያው ላይ ነው። ማንጎ፣ ካስተርድ፣ ካራሜል፣ ቡና፤ «ለምግብ የሚሆን» የሚለው ቃልም አብሮ ተሻገረ። የአሜሪካ ጣዕም አምራቾች ማኅበር ራሱ፣ የእሱ የደህንነት ግምገማ ለምግብ እንጂ ለቬፕ እንዳልሆነ በግልጽ ተናግሯል።

በ2015 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 51 ባለጣዕም ቬፖችን ፈተሹ። 39ኙ ላይ ዳይአሴታይል አገኙ። 47ቱ ከዳይአሴታይልና ከሁለት ዘመዶቹ ቢያንስ አንዱ ነበረባቸው። ከዘመዶቹ አንዱ ፔንታንዳዮን ነው፤ ከጃስፐር በኋላ አንዳንድ አምራቾች ዳይአሴታይልን ያወጡት እሱን ተክተው ነበር። በኋላ አይጦች ላይ ሲፈተሽ እሱም ያንኑ ጉዳት አሳየ። አንዱን ባግ በሌላ ባግ መተካት በኛም ሙያ የተለመደ ነው።

ሌላም አለ። በ2018 የታተመ የዬልና የዱክ ተመራማሪዎች ሥራ፣ እንደ ቫኒሊን ያሉ ጣዕሞች ከፕሮፒሊን ግላይኮል ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ተቀምጠው ብቻ አዲስ ውህድ እንደሚሠሩ አሳየ። አንዳንዱ ጣዕም እስከ 40 ከመቶው ይቀየራል። ስለዚህ መለያው ላይ የተጻፈው ራሱ ሳንባ ከሚደርሰው ጋር ላይገጥም ይችላል።

ከዚያ 2019 መጣ። አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች ትንፋሽ እያጠራቸው ሆስፒታል ይገቡ ጀመር። እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ ወይም ሞቱ፤ ከእነሱ መሞታቸው የተረጋገጠው 68 ናቸው። ከ51 ሕሙማን ሳንባ ታጥቦ በተወሰደው ፈሳሽ ውስጥ በ48ቱ ቫይታሚን ኢ አሴቴት ተገኘ። ከ99 ጤነኛ ሰዎች በአንዱም አልተገኘም። አብዛኛዎቹ ሕሙማን የሳቡት በጓሮ የተገዛ፣ ከካናቢስ የወጣ ዘይት ያለበት ነበር፤ ሻጮቹ ለማወፈር ነው ቫይታሚኑን የጨመሩት። ቫይታሚን ኢ! በክኒን ይዋጣል፣ በቅባት ፊት ይቀባል። ያው የ1925 ስህተት ነው።

ለወንድሜ ምን አልኩት

ነገሩን ማጋነን አልፈልግም። የጃስፐር ሠራተኞች በየፈረቃው ሙሉ ቀን የተነፈሱት እንፋሎት ነው። ሲጋራ ጭስ ውስጥም ዳይአሴታይል አለ፤ ከብዙ ቬፖች በላይ ነው። ስለዚህ ቬፕ የሳበ ሁሉ ፖፕኮርን ላንግ ይይዘዋል ማለት ውሸት ነው። «ምግብ ውስጥ የሚገባ ስለሆነ አይጎዳም» ማለትም ውሸት ነው። ሁለተኛውን ውሸት የተናገርኩት እኔ ነኝ።

በአውሮፓ ኅብረት ከ2016 ጀምሮ የቬፕ ፈሳሽ ውስጥ ቫይታሚን መጨመር ክልክል ነው፤ ኒኮቲኑም በሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊግራም አይበልጥም። እኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ንግድን ጭራሹን ከልክሏል። በተግባር ግን ዕቃው በሻንጣ ይገባል፤ በሻንጣ የገባ ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳለ የሚፈትሽ ደግሞ የለም። ያስገባሁት እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «እና ምን ይጠበስ? ወደ ሲጋራ ልመለስ?» አለኝ።

«አትመለስም» አልኩት። «ሁለቱንም ለማቆም እንሞክር፤ ሐኪም ጋ አብሬህ እሄዳለሁ። እስከዚያ ግን በጓሮ የሚሸጥ፣ ዘይት ያለበት፣ ሰው ቤቱ የሠራው ነገር እንዳትነካ።»

«እሺ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ግን ብሮ፣ እኔ እኮ ለዶርም ልጆች ሁሉ ያንተን ነው የነገርኳቸው። ወንድሜ ኢንጂነር ነው፣ ምግብ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው ብሏል እያልኩ። ሦስቱ ገዝተዋል» አለኝ።

ሶፍትዌር ላይ የተሳሳተ ነገር ከለቀቅን፣ ላወረዱት ሁሉ ማረሚያውን መላክ ግዴታችን ነው። የእነዚያን ሦስት ልጆች ስልክ የለኝም። ይሄን ጽሑፍ ግን ወንድሜ እንደሚልክላቸው ቃል ገብቶልኛል።