ባለ አምስት ፍራንኩ ወርቅ

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ አባቶቻችን። የካታንጋ ነገር ግልባጩ ነው፤ በእጇ የነበረው መዳብ ሆኖ ሳለ ለዓለም ያሳየችው ወርቅ ነበር።

ኮንጎ ከቤልጂክ ቅኝ አገዛዝ ነፃ የወጣችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁን 30 ቀን 1960 ነው። ከዚያ በ11ኛው ቀን ሞይሴ ቾምቤ ካታንጋን ገንጥሎ «ነፃ መንግሥት» አላት። ባንዲራ ተሰቀለ፤ ብሔራዊ ባንክ ተቋቋመ፤ በ1961 ሳንቲም ወጣ። ዕውቅና የሰጠ መንግሥት ግን አንድም አልተገኘ።

እስቲ ሳንቲሙን እንየው። በአንድ ፊቱ የሙዝ ዘለላ፣ በሌላው የካታንጋ መስቀል አለ። ይኼ መስቀል ቅኝ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ያገሩ አንጥረኞች ከመዳብ አቅልጠው የሚሠሩት፣ ሕዝቡ የሚገበያይበት ገንዘብ ነበር። ባለ አምስት ፍራንኩ በሁለት ዓይነት ወጣ፤ አንዱ ከነሐስ፣ ሌላው 13 ግራም ከሚያህል ወርቅ። የተጻፈባቸው ዋጋ ግን እኩል አምስት ፍራንክ! ታዲያ የትኛው ሞኝ ነው ወርቁን ይዞ ገበያ የሚወጣ? ነሐሱ ለድሃው ኪስ፣ ወርቁ ለውጭ ሰው ዓይንና ለሰብሳቢ ሣጥን መሆኑ ነው። ዓለም ዕውቅና ሲነሳው፣ ቾምቤ ወርቁን ምስክር አድርጎ ጠራ።

መንግሥቱን ያቆመው ግን ወርቁ አልነበረም። መዳቡን የሚያወጣው የቤልጂኮች ኩባንያ፣ ዩኒየን ሚኒዬር፣ ለማዕከላዊው መንግሥት የሚገባውን ግብር ለቾምቤ ይከፍል ነበር። ቅጥረኛ ወታደሩም የኖረው በዚሁ ነው። የሕዝቡ የጥንት ገንዘብ ኩባንያ ላቆመው መንግሥት ማኅተም ሆነ። ሳንቲሙ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ ጃንዋሪ 17 ቀን፣ ፓትሪስ ሉሙምባ እዚያው ካታንጋ ምድር ላይ ተገደለ።

ነገሩ እኛንም ይነካል። በተባበሩት መንግሥታት ጦር ውስጥ የኛ ሰዎች ካታንጋ ድረስ ዘምተዋል። በጃንዋሪ 1963 መገንጠሉ ሲያከትም የጦሩ አዛዥ ኢትዮጵያዊው ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ።

ዛሬ ወርቁ በሰብሳቢዎች እጅ ይዞራል፤ ያወጣው መንግሥት የለም። እንግዲህ እኛ የታሪክ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ሳንቲም ሲያጋጥመን፣ ስንት ካራት እንደሆነ ከመጠየቃችን በፊት ግብሩን ማን ለማን ይከፍል እንደነበር እንጠይቅ።