እንዶድ ከዓድዋ ጅረት እስከ ቤተ ሙከራ

በዩኒቨርሲቲ የሚካሄድ ምርምር ከዩኒቨርሲቲው አጥር ውጭ ላለው ሰው ምን ይጠቅማል? ይህ ጥያቄ ከተማሪዎቻችን አፍ ብዙ ጊዜ ይወጣል። እኛም መምህራን ብንሆን በልባችን መጠየቃችን አልቀረም። በጠቅላላ አነጋገር ከመመለስ ይልቅ በአገራችን የተፈጸመ አንድ ታሪክ ከመነሻው ጀምሮ ብንመለከት ይሻላል ብለን እናምናለን። ታሪኩ የእንዶድ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

እንዶድን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። የፋብሪካ ሳሙና ከመምጣቱ በፊት፣ በብዙ ስፍራም ከመጣ በኋላ፣ እናቶቻችን ፍሬውን አድርቀው፣ በሙቀጫ ወቅጠውና በውሃ በጥብጠው ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት ኖረዋል። አረፋው ይነሣል፤ ሸማውም ይነጣል። ለብዙዎቻችን የእንዶድ ነገር ከዚህ የሚያልፍ አልነበረም።

በሌላ በኩል ብልሃርዝያ የሚባል በሽታ አለ። የበሽታውን ትል በ1851 በካይሮ ከተማ ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ይሁን እንጂ በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ ለማወቅ ከ60 ዓመት በላይ ፈጅቷል። በ1913 ሚያይሪና ሱዙኪ የተባሉ ጃፓናውያን በአገራቸው በሚገኘው የበሽታው ዓይነት ላይ፣ በ1915 ደግሞ እንግሊዛዊው ሮበርት ሌይፐር በግብፅ ባደረጉት ጥናት፣ ትሉ በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ካላደገ ሰውን ሊይዝ እንደማይችል ታወቀ። በአገራችን በብዛት በሚገኘው ዓይነት፣ ከበሽተኛው ሰገራ ጋር የወጣው እንቁላል ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ ከውስጡ የወጣው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም በብዛት ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ ሰንሰለቱ ይቆረጣል ማለት ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጁ የውጭ አገር ኬሚካሎች ቢኖሩም፣ ዋጋቸው ለድሃ አገር የሚቀመስ አልነበረም።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ብልሃርዝያ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን አጠናቀው የተመለሱ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። ቀንድ አውጣ ለመሰብሰብ ጅረቱን ይዘው ሲሄዱ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታያሉ፤ በሌላው የጅረቱ ክፍል ግን እንዲህ አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ይዘው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹም ወዲያው ተኮማትረው ሞቱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። አጣቢዎቹ በዚያ ጅረት ዳር ለብዙ ዘመን ኖረዋል፤ የሞተ ቀንድ አውጣም ሳያዩ አልቀሩም። ነገር ግን ቀንድ አውጣው የልጆቻቸው በሽታ መተላለፊያ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። በሌላ በኩል ስለ ቀንድ አውጣው በመጽሐፍ ያነበበ ሰው ሁሉ ስለ እንዶድ አያውቅም። ግኝቱ የተወለደው ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ጅረት ዳር በተገናኙበት ቀን ነው።

ነገር ግን አንድ ቀን የታየ ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ መመርመር ነበረበት። የመጀመሪያው ዘገባ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ታተመ። በ1966 በዶክተር አክሊሉ መሪነት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተቋቋመ፤ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከዚያ በኋላ ሥራው የአንድ ሙያ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን ከተባሉት፣ አረፋ ከሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ወገን መሆኑን ለዩ፤ ከእነርሱም አንዱ በተመራማሪው ስም ለማቶክሲን ተባለ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ በእርሻ በኩል ተሰልፈው ከልዩ ልዩ ስፍራ የመጡ የእንዶድ ዓይነቶችን እያነጻጸሩ፣ ኃይለኛና ምርታማ የሆነውን “ዓይነት 44” መረጡ። ፍሬው ከመብሰሉ በፊት ገና አረንጓዴ ሳለ መለቀም እንዳለበትም ታወቀ።

ከ1969 እስከ 1974 ድረስ እንዶድ ግኝቱ በተጀመረበት በዓድዋ ጅረቶች ተሞከረ። በከተማው ሕዝብ መካከል የበሽታው ስርጭት ከመቶ 63 ወደ 34 ወረደ። ከ1 እስከ 5 ዓመት በሆኑ ሕፃናት ዘንድ ግን ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ። ልዩነቱ ስለምን ሆነ? ቀንድ አውጣን መግደል በሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት የሚኖረውን ትል አይገድልም። ስለዚህ አዲስ መያዝ መቀነሱን ከሁሉ አጉልተው የሚያሳዩት ሥራው ከተጀመረ ወዲህ የተወለዱት ሕፃናት ናቸው። ይህን ለሒሳብና ለባዮሎጂ ተማሪዎቻችን በአንድ ላይ ልናስተምረው የሚገባ ምሳሌ ነው እንላለን።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን እንዶድ ከሙከራ ወደ ሰፊ ሥራ ሊሸጋገር አልቻለም። ሰው የሚጠጣው ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር ጉዳት አለማድረሱ መረጋገጥ አለበት የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እንዶድ ዓሣን እንደሚገድል የታወቀ ነውና። ችግሩ ምርመራው የሚጠይቀውን ዓይነት ቤተ ሙከራ አገራችን ያልነበራት መሆኑ ነው። ዓመታት አለፉ። የደኅንነት ምርመራው በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የተካሄደው በ1980ዎቹ ነበር። ዶክተር አክሊሉ በአፍሪካ የሚሠራ ሳይንስ በሌላው ዓለም እምነት እንደማይጣልበት በግልጽ ጽፈዋል፤ መፍትሔው አፍሪካውያን በገዛ አገራቸው የመመርመር ችሎታ ማዳበር ነው ብለውም ተከራክረዋል። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ከዚያም በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እንዶድን በታላላቆቹ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ በሚደፍነው የዛጎል ዓሣ ላይ ሞከሩት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለዚህ ይሆን? ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ።

ዛሬ ብልሃርዝያን ለመከላከል በዋነኛነት የሚሠራበት በ1970ዎቹ የተገኘው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ነው፤ በብዙ ትምህርት ቤቶችም ለተማሪዎች ይታደላል። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል፤ ነገር ግን ልጁ ተመልሶ ወደዚያው ጅረት ቢገባ ዳግመኛ ከመያዝ አያድነውም። ስለሆነም የንጹሕ ውሃ፣ የመጸዳጃ ቤትና የቀንድ አውጣው ጥያቄ እስካሁን አልተዘጋም።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ ምርምር ለኑሮ የሚጠቅመው በሁለት አቅጣጫ የሚሄድ መንገድ ሲኖረው መሆኑን ነው። ከጅረቱ ወደ ቤተ ሙከራ የወሰደው መንገድ አጭር ነበር፤ አንድ አስተዋይ ዓይንና አንዲት ልብስ አጣቢ በቁት። ከቤተ ሙከራ ወደ ጅረቱ የሚመልሰው ግን የኬሚስትሪን፣ የእርሻን፣ የሕክምናን፣ የገንዘብንና የመንግሥትን እጅ ጠየቀ፤ ከእነዚህ አንዱ በጎደለ ቁጥር ሥራው ቆመ።

እኛ መምህራን ይህን መንገድ ከክፍላችን ልንጀምረው እንችላለን። የብልሃርዝያን ዑደት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለን ብቻ ከማለፍ ይልቅ፣ ተማሪዎቻችን በሠፈራቸው ውሃ የሚቀዳውና ልብስ የሚታጠበው የት እንደሆነ እንዲጠይቁ፣ ከእናቶቻቸውም የዕፀዋትን ጥቅም ሰምተው እንዲመዘግቡ እናድርግ። ነገር ግን ቀንድ አውጣ ፍለጋ በባዶ እግራቸው ውሃ ውስጥ እንዳይገቡ አጥብቀን እንከልክል፤ ትምህርቱ ራሱ የበሽታ ምክንያት መሆን የለበትም። የሰሙትን ሲያመጡም “ይህ የባላገር ወሬ ነው” ብለን አንመልሳቸው። “እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?” ብለን እንጠይቃቸው። ዶክተር አክሊሉም በዓድዋ ጅረት ዳር ዕቃቸውን ይዘው የጠየቁት ይህንኑ ነበር።