ከድንጋይ የተረፈው፣ ከእንጨት ያልተረፈው
ከ1730 እስከ 1755 (እ.ኤ.አ.) በነገሡት በዳግማዊ ዓፄ ኢያሱ ዘመን እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ቁስቋምን በድንጋይና በኖራ አሠሩ። ፍርስራሹ ዛሬም ይታያል። በዚያችው ከተማ ሙስሊሞች ከ1668ቱ ጉባኤ ወዲህ ለብቻቸው ሰፍረው በንግድና በሽመና ይተዳደሩ ነበር። በሐረርም በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ እንደ ቆመ ነው።

የሐዲያና የከምባታ አባቶቻችን ክብ ቤት ግን በእንጨት፣ በጭቃና በሣር የሚሠራ ነው፤ ምስጥና ዝናብ ያፈርሱታል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ቤት ቆሞ አለመገኘቱ ታሪክ አልነበረንም አያሰኝም። ድንጋይ ያልያዘውን የሚይዘው የሽማግሌ ቃል ነው። እንግዲህ አባቶች በሕይወት ሳሉ የየመስጊዳችንን አመሠራረት ጠይቀን እንጻፍ።