የድረ ገጽ ስፋትና የስክሪን ልክ

አንድ ድረ ገጽ በእጅ ስልክም ሆነ በሰፊ የኮምፒዩተር ስክሪን ሲከፈት እንደየስፋቱ ራሱን አስተካክሎ መቅረቡን እንደ አዲስ ፈጠራ የሚቈጥሩ ብዙዎች ናቸው። ታሪኩ ሲመረመር ግን ነገሩ ፈጠራ ከሚባል ይልቅ ወደ ጥንተ ባሕርይ መመለስ ቢባል ይሻላል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቭ አቅራቢያ በሚገኘው በሰርን የምርምር ማዕከል ሳለ በ1989 ሐሳቡን አቅርቦ በ1991 ለሕዝብ ክፍት ያደረገው ድረ ገጽ የተወሰነ ስፋት አልነበረውም። መስኮቱ ሲሰፋ ጽሑፉ አብሮ ይሰፋል፤ ሲጠብም ቃላቱ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳሉ። እንደ ጋቢ ነበር፤ ጋቢ ለባሹን አይመርጥም።

ይህን ባሕርይ የሸፈነው ከኅትመት ሙያ የተወረሰው ልማድ ነው። ገጽ ማለት ልኩ የታወቀ ወረቀት ነው ተብሎ ስለ ታመነ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ገጾች በሠንጠረዥ እየተከፋፈሉ በ640፣ ኋላም በ800 ፒክስል ስክሪን ልክ ይሰፉ ጀመር። ጋቢው ኮት ሆነ። ጆን ኦልሶፕ በ2000 ባወጣው መጣጥፍ የገጽ ተለዋዋጭነት እንደ ጸጋ ሊታይ እንደሚገባ ቢያሳስብም ልማዱ ቀጠለ።

አይፎን በ2007 ሲወጣ ችግሩ ገሃድ ሆነ። ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው ቈጥሮ አሳንሶ ስለሚያሳይ፣ አንባቢው በጣቱ እያጐላ ማንበብ ግድ ሆነበት። በ2010 ሜይ ወር ኢታን ማርኮት ሦስት ነገሮችን አጣምሮ አቀረበ፤ እነርሱም በመቶኛ የሚለካ አምድ፣ ከአምዱ የማያልፍ ሥዕል፣ እንዲሁም እንደ ስክሪኑ ስፋት አቀማመጡን የሚለውጥ ትእዛዝ ናቸው። በ2011 የቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ድረ ገጽ በዚሁ ዘዴ ተሠርቶ ሲወጣ፣ ዘዴው ለትልቅ ሥራም እንደሚበቃ ታየ።

እኔ ግን ይህን የተረዳሁት በራሴ ስሕተት ነው። ሥራ በጀመርሁበት ዘመን ለአንድ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀሁት የመመዝገቢያ ገጽ በቢሮው ስክሪን ላይ እንከን አልነበረውም፤ በስልክ ሲከፈት ግን «ላክ» የሚለው ቍልፍ ከስክሪኑ ውጭ ይቀር ነበር። ቅጹን ሞልተው መላክ ያቃታቸው አመልካቾች ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው እንደ ቈጠሩት የሰማሁት የምዝገባው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ስልክ እንጂ ኮምፒዩተር ለሌለው ወገናችን የገጽ ስፋት ከመብት ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ ሥራውን ከማስረከቡ በፊት አስቀድሞ በጠባቡ ስክሪን ከፍቶ ይመልከተው።