ተናካሹ ፌንጣና አሳዳሪዎቹ

ለእንሽላሊት፣ ለእስስትና ለእንቁራሪት መኖ የሚሆን ፌንጣ ማርባት በአሜሪካና በአውሮፓ ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ፌንጣን በቤቱ ማኖር የጀመረው ግን ከሺህ ዓመት በፊት ነው። እዚህ የሚነገርለት ቀን ቀን ሣር ላይ የሚዘለው አረንጓዴው ሳይሆን ሌሊት ክንፉን እያፋተገ የሚጮኸው ቡናማ ወይም ጥቁር ዓይነት ነው። የአሳዳሪውን ሥራ በየዘመኑ የወሰነውም አንድ ጠባዩ ነው፤ ይናከሳል፣ ሲጠብበትና ሲርበው ደግሞ የገዛ ወገኑን ይበላል። ጠባዩን አንዱ ለውርርድ ተጠቀመበት፣ ሌላው ሊያበርደው ሲደክም ኖረ።

ቀዳሚዎቹ ቻይናውያን ናቸው። በ8ኛው መቶ ዓመት፣ በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ የቤተ መንግሥት ሴቶች በወርቅ በተሠራች ትንሽ ጎጆ ፌንጣ እያኖሩ ከትራሳቸው አጠገብ ያስቀምጡ ነበር፤ የሚፈልጉት ድምፁን ብቻ ነበር። ከጊዜ በኋላ ድምፁ ቀርቶ ጠቡ ተፈለገ። የደቡብ ሶንግ መንግሥት ሹም የነበረው ጃ ስዳው (1213–1275 እ.ኤ.አ.) ስለ ፌንጣ አያያዝ በተጻፈ መጽሐፍ ስሙ ይነሳል። ሞንጎሎች የሺያንግያንግን ከተማ ከበው ሳለ እሱ ከእቁባቶቹ ጋር መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ፌንጣ ያዋጋ ነበር ተብሎም ይወቀሳል። ወቀሳው ሳይጋነን አልቀረም፤ አገር ጠፋበት የተባለ ሹም ያልተባለው የለም። ከ1425 እስከ 1435 እ.ኤ.አ. የነገሠው የሚንግ ንጉሠ ነገሥት ሽዋንዴም ምርጥ ተዋጊ ፌንጣ ከየአውራጃው እንዲመጣለት ያዝ ነበር። በዘመኑ የተሠሩ የፌንጣ ማሰሮዎች ዛሬም በጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋሉ።

ውጊያው የሚካሄደው በወንዶች መካከል ነው። ሁለቱን በአንድ ማሰሮ ያስገቧቸዋል፤ አሳዳሪው በቀጭን ጭራሮ አንቴናቸውን እየነካካ ያነሳሳቸዋል። መጀመሪያ በአንቴና ይደባበሳሉ፣ ቀጥሎ መንጋጋቸውን ከፍተው ይተያያሉ፣ በመጨረሻ ተናክሰው ይተናነቃሉ። ያሸነፈው ቆሞ ይጮኻል፤ የተሸነፈው ይሸሻል፣ ለብዙ ሰዓትም ሌላ ወንድ ባየ ቁጥር ይሸሻል። የቻይና አወራራጆች ግን የተሸነፈውን በእጃቸው እያፈሱ ወደ ላይ ወርወር ቢያደርጉት ድፍረቱ እንደሚመለስ ከጥንት ያውቁ ነበር። ይህን አጉል እምነት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ሆኖም ሆፍማንና ስቲቨንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት የተሸነፈ ፌንጣ ክንፉን እንዲያርገበግብ ሲደረግ ወደ ጠቡ ቶሎ እንደሚመለስ አሳይተዋል። ለዚህ ጥናት የተጠቀሙት ጥቁሩን ፌንጣ፣ በሳይንስ ስሙ ግሪለስ ባይማኩላተስ የተባለውን ነው። ይህ ዝርያ ከታች ተመልሶ ይመጣል።

ፌንጣ በብዛት የተረባው ግን ለጠብም ለዜማም አይደለም፤ ለዓሣ ነው። በደቡባዊ የአሜሪካ ግዛቶች ዓሣ አጥማጆች ለመንጠቆ ማጥመጃ ፌንጣ ይገዙ ስለነበር በ1947 እ.ኤ.አ. አርምስትሮንግ የተባለ እርባታ በጆርጂያ፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍሉከር የተባለ እርባታ በሉዊዚያና ተቋቋሙ። ያረቡት የቤት ፌንጣን ነው፤ አኬታ ዶሜስቲከስ ይባላል፣ በአውሮፓ ከዳቦ ቤት ምድጃ ኋላ የሚኖረው እሱ ነው። እንሽላሊትና እባብ በቤት ማኖር በአሜሪካና በአውሮፓ ሲለመድ እነዚሁ አርቢዎች ገበያቸውን ከዓሣ አጥማጁ ወደ እንስሳት መደብር አዞሩት። ከሃያኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ጀምሮ የሽያጩ ዋና ክፍል የእንስሳት መኖ ሆነ።

እርባታው ሲታይ ቀላል ይመስላል። እንቁላል የሚጣለው በእርጥብ አሸዋ ወይም አፈር ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ያድጋል። መኖው የተፈጨ እህል፣ ፉርሽካና አትክልት ነው። ችግሩ ያለው ቅርፊት በሚቀየርበት ሰዓት ላይ ነው። ፌንጣ እስኪያድግ ድረስ ስምንት ጊዜ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ቅርፊቱን ይጥላል። አዲሱ ቅርፊት እስኪጠነክር ገላው ነጭና ለስላሳ ስለሚሆን መዝለልም መንከስም አይችልም። በዚያች ሰዓት አጠገቡ የተጠማ ወይም ፕሮቲን ያጣ ጓደኛ ካለ አይምረውም፤ ከእግሩና ከሆዱ ጀምሮ ይበላዋል። ስለዚህ አርቢው ሳጥኑን በእንቁላል ካርቶን ይሞላዋል፤ የሚሸሸግበት ጓዳ በበዛ ቁጥር ሬሳው ይቀንሳል። ውሃ በሳህን ከቀረበ ትናንሾቹ ሰጥመው ስለሚያልቁ በእርጥብ ስፖንጅ ወይም እንደ ጄሊ በረጋ ውሃ ይሰጣል። ትናንሹን ከትልቁ ለይቶ ማኖርም የግድ ነው። የአርቢው ሙያ የሚለካው በዚህ እንጂ በመኖው አይደለም።

ገዢውም ከንክሻው አይድንም። እንሽላሊት ያልበላው ፌንጣ በመስታወት ሳጥኑ ውስጥ ካደረ ሌሊት በተኛው እንሽላሊት ላይ ወጥቶ ጣቱን፣ የጅራቱን ጫፍ፣ አንዳንዴም የዓይኑን ሽፋን ይግጣል። ትንሽ ወይም የታመመ እንሽላሊት በዚህ ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው አሳዳሪዎች እንስሳው በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ የሚሰጡትና የተረፈውን የሚለቅሙት። ማታ የግድ የሚቀር ካለ የካሮት ቁራጭ አብሮ ይገባል፤ ፌንጣው እሱን እያኘከ እንስሳውን ይተዋል። ሌላም ጉድለት አለው፤ በፌንጣ አካል ውስጥ ፎስፈረስ በዝቶ ካልሲየም ያንሳል። በዚህ ብቻ ያደገ እንሽላሊት አጥንቱ ስለሚለሰልስ ፌንጣው ከመቅረቡ በፊት በካልሲየም ዱቄት ይነሰነሳል።

የቤት ፌንጣ የገበያው ጌታ ሆኖ የቆየው ከሌሎቹ ሲነጻጸር የዋህ ስለሆነ ነው። ያዋረደው ቫይረስ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ከስዊዘርላንድ እርባታ ተለይቶ የተገለጸው ዴንሶቫይረስ በ2002 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ እርባታዎች ተዛመተ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ገባ። የታመመው ፌንጣ በጀርባው ተንጋሎ እግሩን እያንቀሳቀሰ ቆይቶ ይሞታል፤ ለማደግ ጥቂት የቀረው ነው በብዛት የሚያልቀው። ሰውንም እንሽላሊትንም አይነካም። ሆኖም አንዴ የገባበት ቤት ቢታጠብም ቶሎ አይለቅም። በሚሺጋን ቶፕ ሃት በተባለ ትልቅ እርባታ ሚሊዮኖች ፌንጣ አለቁ።

ተናካሾቹ ወደ ገበያ የመጡት በዚህ ክፍተት ነው። አርቢዎች ቫይረሱን የሚቋቋም ዝርያ ሲፈልጉ የጃማይካ ፌንጣን፣ ባለ ቀበቶውን ግሪሎደስ ሲጂላተስንና ጥቁሩን ፌንጣ ሞከሩ። ጥቁሩ ፍሬያማና ሥጋ ያለው ነው፤ ነገር ግን ይናከሳል፣ ድምፁም ይጮኻል። ከሁሉ የሚገርመው ሌላ ነው። በገበያ ላይ «እብዱ ቀይ» እየተባለ ይሸጥ የነበረ ፌንጣ በ2012 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሲመረምሩት ለሳይንስ ያልታወቀ ዝርያ ሆኖ ተገኘና ግሪለስ ሎኮሮሆ ተባለ። ሰው ሸጦ የጨረሰውን ነገር ስሙን ኋላ አወጣለት ማለት ነው። እነዚያው ተመራማሪዎች እንግዳ ዝርያ ከእርባታ አምልጦ ማሳ ላይ ተባይ እንዳይሆን አስጠንቅቀዋል። በዚሁ ስጋት ጥቁሩ ፌንጣ በአሜሪካ እንዳይሸጥ ተከልክሏል።

የእስያ መንገድ ሌላ ነው። ታይላንድ በ1998 እ.ኤ.አ. ከኮን ካየን ዩኒቨርሲቲ በተገኘ ዘዴ ለሰው ምግብነት ፌንጣ ማርባት ጀመረች፤ በ2013 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት 20,000 ያህል እርባታዎች እንዳሏት ዘግቧል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ፌንጣና አንበጣ በታሪክ የሚነሱት በጠላትነት ነው። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አንበጣ ሰማዩን ሸፍኖ ሲመጣ ማየቱን ጽፏል። ከሕዝቡ ጋር ምህላ ካደረገ በኋላ ጥቂት አንበጣ አስይዞ ወደ ባሕር ወይም ወደ በረሃ እንዲሄዱ ገዝቶ እንደለቀቃቸውም ይተርካል። በ1958 እ.ኤ.አ. የበረሃ አንበጣ 167,000 ቶን እህል አጠፋ፤ ከአራት ዓመት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካን የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ያቋቋመው ስምምነት አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ።

ወደ ተናካሹ ፌንጣ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ደገዛ ነው። በወሎና በሸዋ ደጋ የሚገኘው ይህ ተባይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም። ክንፉ አጭር ስለሆነ አይበርም፤ በእግሩ እየዘለለ ማሳ ይገባል። ሳይንሳዊ ስሙን ዴክቲኮይደስ ብሬቪፔኒስ ብሎ በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጣለት የብሪታንያ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ባለሙያ ራግ ነው። እንቁላሉ በጋውን አፈር ውስጥ ከርሞ በክረምቱ ዝናብ ይፈለፈላል፤ የሚያድገው ልክ ጤፉ ዛላ ሲያወጣና ፍሬው ወተት ሲቋጥር ነው፣ የሚበላውም ዛላውን ነው። ገበሬው በእጁ እየለቀመና እየገደለ ሲከላከለው ኖሯል። የአሜሪካው «ሞርሞን ፌንጣ» የደገዛ ዘመድ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት መንጋው ወደ ፊት የሚነጉደው ከኋላ ያለው ፊተኛውን እንዳይበላው በመፍራት ጭምር መሆኑን አሳይቷል። የሚጎድለው ፕሮቲንና ጨው ነው፤ የቅርቡ ጨው ደግሞ የጎረቤቱ ገላ ነው።

በአዲስ አበባው የልደታ ሰፈር ግን ፌንጣ ለእንስሳ መኖነት ያገለገለው ያለ ሣጥንና ያለ ካርቶን ነው፤ ዶሮ በግቢ ተለቃ ራሷ ትለቅመው ነበር። ሰፈሩ የእንስሳ ሰፈር ነበረ፤ ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው ከከብት ገበያው ነው። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲቆም ግቢውም ዶሮውም፣ ከምድጃ ኋላ የሚጮኸውም ፌንጣ አብረው ሄዱ።

በዚህ አካባቢ ፌንጣ ለማርባት የሚያስቸግረው ከመናከሱ በፊት ብርዱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ትገኛለች፤ ሌሊቱ ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። ፌንጣ ደግሞ ከ20 ዲግሪ በታች እድገቱ ይጓተታል። ሳጥኑን ሌት ተቀን ማሞቅ ያስፈልጋል፤ መብራት የሄደ ዕለት የሚሆነውን የልደታ ነዋሪ ያውቀዋል። ከኮንዶሚኒየሙ ስስ ግድግዳ ባሻገር ለሚተኛ ጎረቤትም የወንዱ ጩኸት ቀላል አይሆንም። ከውጭ ዝርያ ማስመጣት ግን ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ጥቁሩ ፌንጣ በአፍሪካ በሰፊው የሚገኝ፣ ለኢትዮጵያም እንግዳ ያልሆነ ዝርያ ነው፤ የባሕር ማዶውን ለማምጣት ቫይረሱንም አብሮ መጋበዝ አያስፈልግም። ሕጉም ለዚህ ልቅ አይደለም። ሕያው ተባይና ነፍሳት ወደ አገር የሚገባው በፈቃድ ነው፤ መኖውን የሚበላው እስስትም ቢሆን የዱር እንስሳ ስለሆነ ያለ ፈቃድ በቤት ሊያዝ አይችልም።