የሚረሳና የማይረሳ ሪሌይ፤ ከመጫኛ ቁልፍ ዑደት ታሪክ ለሙያ ትምህርት የሚገኝ ቁም ነገር

መግቢያ

በሙያና ቴክኒክ ትምህርት ውስጥ ሪሌይ ብዙውን ጊዜ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተገልጾ የሚታለፍ ዕቃ ነው። ተማሪው ሥዕሉን ይገለብጣል፤ የክፍሎቹን ስም በቃሉ ያጠናል፤ በፈተናም ላይ ይጽፋል። ነገር ግን ጣት ከቁልፉ ላይ ከተነሣ በኋላ መኪናው መሥራቱን የሚቀጥለው በምን ምክንያት ነው? መብራት ጠፍቶ ሲመጣስ ምን ይሆናል? የሚሉት ጥያቄዎች እምብዛም አይነሡም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ከሪሌይ ታሪክ ውስጥ አውጥቶ ማሳየትና መልሱ ከተማሪዎች ደኅንነት ጋር ያለውን ግንኙነት ማመልከት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ መምህር ሥራ

በ1820 ዴንማርካዊው ኤርስቴድ ኮረንቲ በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር ተገነዘበ። በ1825 እንግሊዛዊው ስተርጅን በብረት ላይ ሽቦ ጠምጥሞ ኤሌክትሮማግኔትን ሠራ። ይህን መሣሪያ ለሥራ ያበቃው ግን በአሜሪካ በኦልባኒ ከተማ በአንድ አካዳሚ ሒሳብና የተፈጥሮ ፍልስፍና ያስተምር የነበረው ጆሴፍ ሄንሪ ነው። ሄንሪ ሽቦውን በመሸፈንና ጥምጥሙን በማብዛት የማግኔቱን ኃይል እጅግ አሳደገ፤ በ1831ም ከአንድ ማይል በላይ የሚረዝም ሽቦ በክፍል ውስጥ ዙሪያውን ዘርግቶ በሌላው ጫፍ ደወል አስደወለ።

ሽቦው በረዘመ መጠን ኮረንቲው እየደከመ ይሄዳል። ሄንሪ ወደ ፕሪንስተን ከተዛወረ በኋላ በ1835 ገደማ ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆነውን ሐሳብ ለተማሪዎቹ አሳየ፤ ይኸውም ከሩቅ የመጣው ደካማ ኮረንቲ ሥራውን ራሱ ከመሥራት ይልቅ፣ በአጠገቡ ያለውን ብርቱ ባትሪ የሚያገናኝ ወይም የሚያቋርጥ ትንሽ ማግኔት ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ነው። ሪሌይ ማለት ይኸው ነው። ስሙም የመጣው በረጅም ጉዞ ላይ የደከመውን ፈረስ በየጣቢያው በትኩስ ፈረስ ከመተካት ልማድ ነው። ሄንሪ ለሥራው የባለቤትነት መብት አልጠየቀም። ሞርስ በ1844 ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር የዘረጋው ቴሌግራፍም ከሄንሪ የምርምር ውጤቶች ብዙ ተጠቅሟል።

ራሱን የሚይዝ ዑደት

ቴሌግራፈኛው ጣቱን ከቁልፉ ላይ ሲያነሣ ሪሌዩም ይለቃል። ሪሌዩ የተሰጠውን ትእዛዝ ይዞ እንዲቆይ ለማድረግ የተገኘው ዘዴ እጅግ ቀላል ነው። ከሪሌዩ መገናኛዎች አንዱ ከማስነሻ ቁልፉ ጎን ለጎን ይታሰራል። ቁልፉ ሲጫን ጥቅል ሽቦው የብረቱን ምላስ ይስባል፤ መገናኛው ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ጣት ቢነሣም ኮረንቲው በመገናኛው በኩል ስለሚያልፍ ሪሌዩ ራሱን በራሱ ይዞ ይቆያል። ለማቆም በዚያው መስመር ላይ፣ በተለመደው ጊዜ ዝግ የሆነና ሲጫን የሚከፈት ሁለተኛ ቁልፍ ይገባል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የዚህ ዑደት ትዝታ በኮረንቲው ላይ ብቻ የቆመ መሆኑ ነው። መብራት ከጠፋ ሪሌዩ ይለቃል፤ መብራት ሲመጣም ሰው ቁልፉን እንደገና ካልተጫነ አይነሣም። የማቆሚያው ሽቦ ቢበጠስም መኪናው ይቆማል እንጂ መሥራቱን አይቀጥልም።

ይህ መርሳት ጉድለት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የባቡር ሐዲድ መሐንዲሶች ትልቅ ጥቅም እንዳለው ቀደም ብለው ተረድተዋል። ዊልያም ሮቢንሰን በ1872 ባስመዘገበው የሐዲድ ዑደት ሪሌዩ ዘወትር ተስቦ የሚቆየው በሐዲዱ በሚያልፍ ኮረንቲ ነው። ባቡር ሲገባ፣ ሐዲዱ ሲሰበር ወይም ባትሪው ሲያልቅ ሪሌዩ ይለቅና ምልክቱ አደጋን ያሳያል። ጉዳት የደረሰበት መሣሪያ ወደ ደኅንነቱ ወገን እንዲወድቅ የማድረግ ሐሳብ ከዚያ ጀምሮ የሙያው መሠረት ሆኗል።

የማይረሳው ሪሌይ

ሁለተኛው ዓይነት የተመሠረተው በሌላ ሐሳብ ላይ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የቴሌግራፍ መሐንዲሶች በሪሌዩ ውስጥ ቋሚ ማግኔት በመጨመር፣ ምላሱ የኮረንቲውን አቅጣጫ ለይቶ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እንዲያዘነብል አደረጉ። እንዲህ ያለው ሪሌይ በአግባቡ ሲስተካከል ኮረንቲው ከተቋረጠ በኋላም መጨረሻ ባረፈበት ወገን ይቆያል። ዛሬ የምናውቀው ቆላፊ ሪሌይ የዚህ ሐሳብ ተወራሽ ነው። ከነዚህም ውስጥ በቋሚ ማግኔት የሚያዙ፣ በመካኒካዊ መንጠቆ የሚያዙም አሉ።

አሠራሩም ቀላል ነው። ሁለት ጥቅል ሽቦ ላለው ቆላፊ ሪሌይ ሁለት የመጫኛ ቁልፎች ይበቁታል፤ አንዱ ያበራል፣ ሌላው ያጠፋል። እያንዳንዱ የሚፈልገው የሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ የሚቆይ ኮረንቲ ብቻ ነው፤ በመካከሉ ምንም ኃይል አይበላም። አንድ ጥቅል ብቻ ያለው ዓይነት ደግሞ የኮረንቲው አቅጣጫ ሲገለበጥ ቦታውን ይለውጣል። በዚህ ቁጠባው ምክንያት በቅድመ ክፍያ የኤሌክትሪክ ቆጣሪዎች ውስጥ መስመሩን የሚቆርጠውና የሚቀጥለው ይኸው ዓይነት ነው።

ልዩነቱ በወርክሾፕ ውስጥ

ይህ ጸሐፊ ከዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት ወርክሾፕ ያየው ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖታል። የእንጨት መሰንጠቂያው ማስነሻ ተበላሽቶ ስለነበር በቦታው ቆላፊ ሪሌይና ሁለት ቁልፎች ተገጥመውለት ነበር። መኪናው ለብዙ ቀናት በሚገባ ሠራ። አንድ ቀን ግን በሥራ መካከል መብራት ጠፋ። ተማሪዎቹ ጥቂት ከጠበቁ በኋላ አንደኛው በምላጩ ዙሪያ የተከማቸውን ሰጋቱራ በእጁ መጥረግ ጀመረ። በዚህ ጊዜ መብራት መጣ፤ መሰንጠቂያውም ማንም ሳይነካው ተነሣ። ልጁ እጁን በመንጠቁ ከጉዳት ተረፈ።

ሪሌዩ አልተበላሸም ነበር። የታዘዘውን አስታውሶ ፈጸመ እንጂ። የገጠመውም ሰው ሽቦውን በትክክል አስሯል። የጎደለው ሁለቱን ትዝታዎች የሚለይ ትምህርት ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ጸሐፊ ራሱ ባዘጋጀው የማስተማሪያ ማስታወሻ ላይ ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ስም፣ አንዱ የሌላው ምትክ እንደሆነ ተደርገው ተጽፈው ነበር። ስለዚህ ከተጠያቂነቱ ድርሻ አለው።

ማጠቃለያና ማሳሰቢያ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ የሚገኘው ቁም ነገር፣ ትዝታ ያለው መሣሪያ ሁሉ ለአንድ ዓይነት ሥራ አይሆንም የሚል ነው። ሰውን ሊጎዳ የሚችል መኪና መብራት ሲጠፋ የሚረሳ ዑደት ይገባዋል፤ ቆጣሪን ለመሰለ፣ ኃይል ሳይበላ ሁኔታውን ጠብቆ መቆየት ላለበት መሣሪያ ደግሞ የማይረሳው ተገቢ ነው።

በመሆኑም መምህራን በ12 ቮልት ባትሪ፣ በሁለት ቁልፎችና በአንድ አምፖል ሁለቱንም ዑደቶች ጎን ለጎን እንዲያስሩ ይመከራል። ሙከራው አምፖሉ ሲበራ ተፈጸመ ሊባል አይገባም። ባትሪው ተነቅሎ እንደገና ይያያዝ፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የትኛው አምፖል ተመልሶ እንደሚበራ ግምቱን ከነምክንያቱ ይጻፍ። የሥርዓተ ትምህርት አቃጆችም የተግባር ፈተና ሲያዘጋጁ «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ» የሚለውን ሁኔታ የፈተናው አንድ ክፍል ቢያደርጉት፣ የወርክሾፕ መኪና ግዢ ዝርዝርም መብራት ሲቋረጥ የሚለቅ ማስነሻን እንዲጠይቅ ቢያደርጉ ትምህርቱ ከሥዕል መገልበጥ አልፎ የተማሪውን እጅ ይጠብቃል።